«ተጣባቂ» ወይስ «ማጣበቂያ»? የአንድ ፕሮቲን ስም በአማርኛ

ጥያቄ፦ አንድ የባዮሎጂ መምህር በሕዋስ ሽፋን ላይ ሆኖ ከውጭ መልእክት የሚቀበለውን፣ «አድሂዥን ጂ-ፕሮቲን ከፕልድ ሪሴፕተር» የሚባለውን የፕሮቲን ቤተሰብ «የማጣበቂያ ጂ-ፕሮቲን የተጣመረ ተቀባይ» ብለው ተርጉመውታል። ተማሪዎቻቸው «ታዲያ ጂ-ፕሮቲን ሙጫ ነው?» ብለው ስለጠየቋቸው ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ተማሪዎችዎ በትክክል አንብበዋል። በአማርኛ ገላጭ ቃል የሚያርፈው ወዲያው ከሚከተለው ስም ላይ ነውና «የማጣበቂያ» ያሉት ጂ-ፕሮቲንን ገለጸ። የሚጣበቀው ግን ተቀባዩ ነው። ጂ-ፕሮቲን ሕዋሱ ውስጥ ሆኖ መልእክቱን የሚረከብ ሌላ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ የማጣበቅ ቃሉን «ተቀባይ» አጠገብ ያድርጉት።

ቃሉም ራሱ ይቀየር። «ማጣበቂያ» እንደ መጥረጊያና መቁረጫ የመሣሪያ ስም ስለሆነ ሰሚው ሙጫ ያስባል። «አጣባቂ» ደግሞ ሌሎች ነገሮችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ነው። ይህ ፕሮቲን ግን ረጅም ክንዱን ከሕዋሱ ውጭ ዘርግቶ ጎረቤት ሕዋስን ወይም በሕዋሳት መካከል ያለውን መረብ ራሱ ይይዛል፤ ስለዚህ «ተጣባቂ» ነው። ከ«ጠባቂ» ጋር እንዳያምታቱት፦ «ዘበኛው ይጠብቃል» ሲሉ ብ ይጠብቃል፣ «ቋጠሮው ይጠብቃል» ሲሉ ይላላል። «ተጣባቂ» የሁለተኛው ዘመድ ነው።

«የተጣመረ» ያለቀ ነገርን ይናገራል፤ ሁለቱ ፕሮቲኖች ሁልጊዜ አንድ ላይ ያሉ ያስመስላል። ጂ-ፕሮቲን ግን ተቀባዩ ሲነቃ ይቀሰቀስና መልእክቱን ይዞ ይለያል። «ተጣማሪ» ችሎታን ስለሚያሳይ ይሻላል። «ገንዘብ ተቀባይ»፣ «እንግዳ ተቀባይ» ስንል የሚቀበለውን እንደምንጠቅስ ሁሉ፣ እዚህም እንደ አንድ ስም «ምልክት ተቀባይ» ይበሉ። ሙሉው ስም «ከጂ-ፕሮቲን ጋር ተጣማሪ የሆነ ተጣባቂ ምልክት ተቀባይ» ይሆናል። ይረዝማል፤ አንዴ ከጻፉት በኋላ ግን «ተጣባቂ ተቀባይ» ይበቃል። በሰው አካል ውስጥ የዚህ ቤተሰብ አባላት 33 ናቸው።

የተቀባዩን አወቃቀር ሲያስረዱ «የሕዋሱን ሽፋን 7 ጊዜ ይዞራል» የሚል አገላለጽ እንዳይጠቀሙ። አይዞርም፤ እንደ መርፌና ክር ይወጋዋል። 7 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ አንዱ ጫፍ ውጭ ከጀመረ ሌላው ውስጥ ይቀራል። ውጭ ያለው ክንድ መልእክት የሚይዘው፣ ውስጥ ያለው ጫፍ ደግሞ የሚያስተላልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው «መቆረጥ» የሚለው ግስ ነው። ከሽፋኑ በላይ ጌይን የሚባል፣ 320 ገደማ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) ያሉት የተቀባዩ ክፍል አለ። አብዛኞቹ ተጣባቂ ተቀባዮች ገና ሲመረቱ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ሉሲንና ትሪዮኒን በሚባሉ አሚኖ አሲዶች መካከል፣ ራሳቸውን በራሳቸው ይቆርጣሉ። ሆኖም ቁራጮቹ አይለያዩም፤ ተቃቅፈው ወደ ሽፋኑ ይሄዳሉ። በአማርኛ «ተቆረጠ» ያሉት ነገር ወድቋል ተብሎ ስለሚታሰብ «ተቆርጦም አልተላቀቀም» ብለው ይጻፉ። «ተበጠሰ» ደግሞ ይባስ ያሳስታል፤ የተበጠሰ ክር ጫፎቹ ተራርቀዋል።

ከተቆረጠበት ቦታ ቀጥሎ ያለውን አጭር ሰንሰለት ተመራማሪዎች በጀርመንኛ «ሽታኸል» ይሉታል። የእኛው «መንደፊያ» ልክ ይመጣለታል፤ የንብ መንደፊያ እንደምንለው ነው። መንደፊያው ጌይን ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። የውጭው ክንድ ሲጎተትና ሲላቀቅ ይገለጥና የራሱን ተቀባይ ጎድጓዳ ቦታ ነድፎ ያነቃዋል። አነቃቂው ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከተቀባዩ ጋር የታሰረ ስለሆነ «የታሰረ አነቃቂ» ማለትም ያስኬዳል።

የግሱን ክብደት የሚያሳይ አንድ በሽታ አለ። ኤዲጂአርኢ2 በሚባለው ተጣባቂ ተቀባይ 492ኛ ቦታ ላይ ሲስቴይን የተባለው አሚኖ አሲድ ታይሮሲን በተባለው የተተካባቸው ሰዎች በፎጣ ሲታሹ ወይም መኪና ሲያንገጫግጫቸው ቆዳቸው አብጦ ያሳክካቸዋል። ማስት የተባሉት ሕዋሳት ሂስታሚን የተባለውን የሚያሳክክ ኬሚካል ይለቃሉና። ምክንያቱን «ንዝረቱ ፕሮቲኑን ይቆርጠዋል» ብለው ከጻፉ ስህተት ነው፤ ቆረጣው ጤነኛ ሰው ላይም አለ። እነሱ ላይ የሁለቱ ቁራጮች ትስስር ስለላላ፣ ንዝረት ሲመጣ በቀላሉ ይላቀቃል።