ሻይ ይለቀማል ወይስ ይቀነጠሳል?

ጥያቄ፦ ስለ ሻይ ተክል አነስተኛ የእርሻ መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ምርቱ የሚሰበሰብበትን ሥራ አንዱ «ለቀማ»፣ ሌላው «ቀጠፋ»፣ ሦስተኛው «አጨዳ» ይለዋል። የትኛውን ልያዝ? ተክሉንስ «የሻይ ዛፍ» ማለት ስህተት ነው?

መልስ፦ ግሱን ከመምረጥዎ በፊት እጅ ምን እንደሚሠራ ይመልከቱ። ሠራተኛዋ ከወገቧ ብዙም በማይበልጥ ቁጥቋጦ ፊት ቆማ የቅርንጫፉን ጫፍ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ትይዛለች። ጫፉ ላይ ገና ያልተፈታ ቅጠል እንደ መርፌ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ጀርባው ነጣ ባለ ለስላሳ ጠጉር ተሸፍኗል። ከሥሩ ሁለት ለጋ ቅጠሎች አሉ። ሦስቱን ከነእንጨታቸው ባንድነት ሰበር አድርጋ ቅርጫቷ ውስጥ ትጥላለች።

አማርኛ ለዚህ እጅ ግስ አላጣም፤ ቀነጠሰ ይባላል። መቀንጠስ የለጋ ነገርን ጫፍ በጣት ቆርጦ ማንሣት ነው። የሚነሣውም ነገር የራሱ ስም አለው፤ ቀንበጥ። እኔ «ቀንበጥ ይቀነጠሳል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሥራውን «ቅንጠሳ»፣ ሠራተኛዋን «ቀንጣሽ» እላለሁ።

«ለቀማ»ን ስህተት አልለውም፤ ብዙ ሰውም ይጠቀምበታል። መልቀም ግን የተበተነውን ወይም የደረሰውን እየመረጡ አንድ በአንድ ማንሣት ነው። ቡና የሚለቀመው የቀላው ፍሬ ከአረንጓዴው እየተለየ ስለሆነ ነው። ሻይ ላይ እስኪበስል የሚጠበቅ ነገር የለም፤ እንዲያውም ቅጠሉ ከጠነከረ ጊዜው አለፈ። ለዚህም ነው ተክሉ በሚያቆጠቁጥበት ወቅት ቀንጣሾች ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ወደዚያው ቁጥቋጦ የሚመለሱት።

«ቀጠፋ» በትርጉም ይቀርባል፤ አበባም ቅጠልም ይቀጠፋል። ጣጣው ከዘመዶቹ ነው። ቀጣፊ ያሉት ሰው ውሸታም ሆኗል። «ልምድ ያላቸው ሻይ ቀጣፊዎች ይፈለጋሉ» የሚል ማስታወቂያ ምን ዓይነት አመልካች እንደሚሰበስብ ያስቡት! «አጨዳ» ደግሞ ማጭድን ይጠራል። ጃፓን ውስጥ በብዛት እንደሚደረገው ማሽን የቁጥቋጦውን አናት ባንድ ደረጃ እየቆረጠ ሲሄድ ግን ቃሉ ያለቦታው ገባ አልልም።

ወደ ዛፉ ስንመጣ፣ «የሻይ ዛፍ» የሚለው እንደሚመስለው ስህተት አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙ ካሜሊያ ሲነንሲስ የሆነው ይህ ተክል ሁለት ዋና ዋና ዝርያዎች አሉት። ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ በሕንዱ አሳም ግዛት የተሰየመው የአሳሙ ዝርያ ሳይነካ ከተተወ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ ይሆናል፤ ትንንሽ ቅጠል ያለው የቻይናው ዝርያ በተፈጥሮው አጠር ያለና ብርድን የሚችል ነው። እርሻ ላይ ግን ሁለቱም 1 ሜትር አካባቢ ላይ ይያዛሉ። የቅርንጫፍ ጫፍ በተነሣ ቁጥር ከታች በየቅጠሉ ብብት ያደፈጡት ጉጦች ይነቃሉና ተክሉ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይሰፋል፤ አናቱም እንደ ጠረጴዛ ይስተካከላል። በየጥቂት ዓመቱ ደግሞ ጠለቅ ብሎ ይገረዛል። የአሳሙን ዛፍ ቁጥቋጦ ያደረገው እንግዲህ መቀስ ነው። ስለ እርሻው ሲጽፉ «የሻይ ቁጥቋጦ»፣ ስለ ዝርያው ሲጽፉ «የሻይ ተክል» ይበሉ፤ «ሻይ ቅጠል»ን ለምርቱ ይተዉለት።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። መመሪያዎ «ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ» የሚል ከሆነ ያርሙት። እምቡጥ ሲባል አንባቢ የሚታየው አበባ ነው። ሻይ በእርግጥ ያብባል፤ ነጭ መልክና መሐሉ ላይ የታጨቁ ቢጫ ዘንጎች ያሉት ያማረ አበባ አለው። ነገር ግን ቅርጫት ውስጥ የሚገባው እሱ አይደለም። «ሁለት ቅጠልና አንድ ያልተፈታ ቅጠል» ቢሉት ትንሽ ይረዝማል እንጂ ማንንም አያሳስትም።