መስመር የሌለው አፍንጫ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ዘይት ቀለም ናቸው። ብርዱ ቤት አስቀምጦ ሰዉን ሁሉ ሠዓሊ ሳያደርገው አልቀረም።

ጋሼ፣ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቬርሜርን «ባለ ሉል ጉትቻዋ ልጃገረድ» ኮፒ እያደረግኩ ነው። አፍንጫዋ እንቢ አለኝ፣ ፊቷም ጭቃ መሰለ። (ከደብረ ብርሃን)

አፍንጫዋን በመስመር ልታወጣው ሞክረህ ይሆናል። ሥዕሉን ጠጋ ብለህ እየው፤ አፍንጫና ጉንጯን የሚለይ መስመር የለም። ሁለቱም አንድ ብርሃን ላይ ተዋህደዋል። አፍንጫውን የሚሠራልህ በወዲያ በኩል ያለው ጥላ ነው። ጉትቻውም እንደዚያው፤ ጥቂት ነጭ ነካ ነካ እንጂ ማንጠልጠያ እንኳ የለውም። ዓይናችን ነው የሚሞላው።

ጭቃው ደግሞ የመጣው ከቆዳ ቀለም ስለጀመርክ ይመስለኛል። ቬርሜር በ1665 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሥላት መጀመሪያ ጥላና ብርሃኑን በቡናማና በጥቁር ነው ያስቀመጠው። አንተም ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገው። ዓይንህን ጨፈን አድርገህ ትልልቁን ጥላ ብቻ በስሱ ቡናማ አስቀምጥ። አምበር የሚባለው ቡናማ ቶሎ ስለሚደርቅ ለዚህ ይመቻል። ሳይደርቅ ቀለም አትደርብበት። ታች ያለው ስስ፣ ላይ ያለው ዘይት የበዛበት ይሁን፤ ይህ ከተገላበጠ ሥዕሉ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ሸራህም ትልቅ አይሁን። ዋናው ራሱ 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር ነው።

ጡረተኛ መምህር ነኝ። የቀለም ዘይት ተወደደብኝ። እዚሁ የተጨመቀ የተልባ ዘይት አይሆንም? (ከመሐል ሜዳ)

የኔታ፣ የሠዓሊዎቹም ዘይት ያው ተልባ ነው። የሚደርቀው እንደ ውሃ በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ነው። የገበያው ግን ያልተጣራ ስለሆነ ይዘገያል፣ ቢጫም ይላል። ጠብታ መስታወት ላይ ቀብተው ሳምንት ሁለት ሳምንት ይዩት፤ ከደረቀ ለልምምድ ይበቃል። በመንዝ ብርድ ትንሽ ይታገሡ። ፓልም ዘይት ግን በጭራሽ፤ አይደርቅም።

ዘይት የነካ ጨርቅ ጨማድደው ጥግ አይጣሉ። እየደረቀ ሲሄድ ይግላል፣ በራሱም እሳት ሊነሳበት ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

«ኮፒ ማድረግ ሌብነት ነው» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአንኮበር)

እንዲህ የሚሉሽ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ቀና ብለው ማየት ነበረባቸው። ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን (በጀስዊት) ሚስዮናውያን በኩል አገራችን ገብቶ፣ ሠዓሊዎቻችን እያዩ ሣሉት፤ ቆይቶም የራሳችን መልክ ሆነ።

ሕጉ ሌላ ነገር ነው። ቬርሜር በ1675 እ.ኤ.አ. ነው የሞተው፤ ማንም አይከለክልሽም፣ ከኋላው «ቅጂ» ብለሽ ብቻ ጻፊበት። የአገርሽ ልጅ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ግን ይለያል። ያረፈው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የእኛ ሕግ ደግሞ ከሞት በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ቤትሽ ተለማመጂበት፣ ሳታስፈቅጂ ግን አትሽጪ።

በአክሪሊክ ብሠራውስ? (ከሸዋ ሮቢት)

ይቻላል። ግን አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ስለሆነ በእናንተ ሙቀት ጉንጯን ከጥላው ሳታዋህደው ይደርቅብሃል። ማለዳ ሥራ፣ ውሃ መርጫም አጠገብህ ይኑር።