«ጎርፍም ይሸፍናል» ተብዬ ነበር

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ የሕንጻ መሣሪያ መደብር አለኝ። መድን ስገባ ወኪሉ «እሳትም ጎርፍም ይሸፍናል፤ ቅጹን እኔ እሞላዋለሁ፣ እርስዎ ብቻ ይፈርሙ» አለኝ። ክረምት ላይ ጎርፍ ገብቶ ሲሚንቶዬ ተበላሸ። ኩባንያው ግን ፖሊሲው የእሳትና የመብረቅ ብቻ ነው ብሎ ከለከለኝ። ተታልያለሁ ብዬ ብከስ ያዋጣኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ምን እንደሚጠይቁ ይለዩ። ብዙ ሰው «ተታልያለሁና ውሉ ይፍረስልኝ» ብሎ ይጀምራል፤ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1704 መሠረት ማታለል ከተረጋገጠ ውሉ ይፈርሳል፤ በመርህ ደረጃ የሚመለስልዎ ግን የከፈሉት አረቦን (የመድን ክፍያ) እንጂ የሲሚንቶው ዋጋ አይደለም። በዚያ ላይ ተራ የሐሰት ቃል ብቻውን አይበቃም፣ የማታለያ ተግባር መኖር አለበት።

የሚያዋጣዎ የጎርፍ ሽፋን በእርግጥ ተሽጦልዎ እንደነበር ማስረዳት ነው። የመድን ውል በጽሑፍ መሆን ስላለበት «ወኪሉ እንዲህ ሲል ሰምተናል» የሚሉ ምስክሮች ብቻቸውን ሩቅ አያደርሱም። ስለዚህ ወረቀት ይፈልጉ። ዋጋ የቀረበበት ፕሮፎርማ፣ ከወኪሉ ጋር የተጻጻፉት የቴሌግራም መልእክት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአረቦኑ ስሌት። ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ ከእሳት ፖሊሲ ጋር በተጨማሪ አረቦን የሚገባ ሽፋን ነው፤ ጭማሪው ተሰልቶ ከከፈሉ ፖሊሲው ላይ አለመጻፉ ጉድለቱ የኩባንያው መሆኑን ያሳያል።

የፈረሙበትን የማመልከቻ ቅጽ ቅጂ በደብዳቤ ይጠይቁ። የእጅ ጽሑፉ የወኪሉ ከሆነ፣ ስለ ጎርፍ የሚጠይቀው ቦታም ባዶ ከተተወ፣ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሰውየው የኩባንያው ወኪል ነው ወይስ ደላላ የሚለውንም ያጣሩ፤ ደላላ የሚሠራው ለገዢው ነውና የእሱ ቃል ኩባንያውን ለማስገደድ ይከብዳል።

የጠጠረውን ሲሚንቶ ገማች ሳያየው አይጣሉት፤ ከረጢቶቹን በተደረደሩበት ፎቶ ያንሱ፣ ውኃው የደረሰበት ልክ ግድግዳው ላይ እንዲታይ። ኩባንያው ትንሽ ገንዘብ ሰጥቶ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካቀረበልዎ ሳያማክሩ አይፈርሙ።

አደጋ ሲደርስ ማስታወቂያው በ5 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት፤ በጽሑፍ ያስገቡትን ደብዳቤ ቅጂ በማኅተም ያስመልሱ። ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 መሠረት በ2 ዓመት ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ ቢከሱ ተቀባይነት የለውም። ፖሊሲው ውስጥ የግልግል አንቀጽ (ክርክሩ በገላጋይ ዳኞች ይታይ የሚል) ካለ መጀመሪያ መሄድ ያለብዎት ወደዚያ ሊሆን ስለሚችል ከመክሰስዎ በፊት ያንብቡት።