የበረቴ ቆርቆሮ ለምን ዛገ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሦስት የወተት ላሞች አሉኝ። የበረቱን ጣሪያ አሉሚኒየምና ዚንክ የተቀላቀለበት ቆርቆሮ አለበስኩት። ሻጩ «ከተራው በጣም ይቆያል» ብሎኝ ነበር። ሦስተኛው ክረምት ሳያልፍ ከውስጥ ጠቆረ፣ ጫፍ ጫፉም ዛገ። የጎረቤቴ ተራ ቆርቆሮ ደህና ነው። ተሸውጄ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሻጩ አልዋሸሽም። ከጣሪያው ሥር ማን እንደሚያድር ግን አልጠየቀሽም።

ተራው ቆርቆሮ 450 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ ዚንክ የተነከረ ብረት ነው። ዚንኩ ሸፍኖት ብቻ አይቀመጥም። ቢጫር እንኳ ራሱ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፈዋል። ያንቺኛው ሽፋን በክብደት 55 ከመቶው አሉሚኒየም፣ 43.4ቱ ዚንክ፣ 1.6ቱ ሲሊከን ነው። ዝናብ ስለሚችል ለመኖሪያ ቤት እኔም የምመርጠው እሱን ነው።

አሞኒያ ግን አይችልም። ጠዋት በረት ስትከፍቺ ዓይንሽን የሚያቃጥልሽ እሱ ነው። ከሽንቱና ከእበቱ ተነስቶ፣ ከላሞቹ ትንፋሽ ጋር ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ያድራል። አሉሚኒየሙን የሚበላው ያ ነው። እርጥብ ሲሚንቶም እንደዚያው ያደርገዋል። ዚንክም አሞኒያ አይወድም፤ ለበረት ግን እሱ ይሻላል።

ጫፉን ማን ቆረጠው? በምን? አሉሚኒየም የበዛበት ሽፋን የተቆረጠ ጫፍን እንደ ዚንክ አያድንም። ግራይንደር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣ የእናቴን ቤት ስሠራ ጣሪያው ላይ ሆኜ በግራይንደር ቆረጥኩ። ፍንጣሪው የጋለ ብረት ነው፤ ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጥቂት ቀን ዘነበና አዲሱ ጣሪያ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። እናቴ ግቢው ውስጥ ቆማ ቀና ብላ አየችው። ምንም አላለችኝም። ያ ዝምታዋ እስከዛሬ ያመኛል። ከዚያ ወዲህ በላሜራ መቀስ እንጂ በሌላ አልቆርጥም።

ጣሪያውን አሁን አታውርጂው። ከላይ አየር ማስወጫ አስከፍቺ፣ እበቱም በየቀኑ ይጠረግ። የዛገውን በብረት ብሩሽ ፈግፍጊና ዚንክ የበዛበት ቀለም ቀቢው።

ስትቀይሪ በዚንክ ብቻ የተነከረ ግዢ። ጌጁን ብቻ ጠይቀሽ አትመለሺ፤ ጌጅ የሚነግርሽ የቆርቆሮውን ውፍረት ነው። «ዚንኩ ስንት ግራም ነው?» በዪ። ዜድ 275 የሚል ካገኘሽ፣ በሁለቱም ፊት ተደምሮ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ አለው ማለት ነው። ለበረትሽ የምመኝልሽ እሱን ነው።