ለገና እና ለጥምቀት የሚጋገር፤ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች

በጎንደር አነስተኛ ኬክ ቤት ያላት ዓምደኛችን በዚህ ወር የደረሷትን ጥያቄዎች ትመልሳለች።

እትየ፣ እንደምን ከረምሽ? ኬክ የምሠራው ከስልኬ ላይ እያየሁ ነው፤ ልኩን አላዛንፍም። ምድጃ ውስጥ ደህና ይነሳና ሳወጣው መሃሉ ይሰምጣል። ባለቤቴ «የፋሲል መዋኛ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ምን ላድርግ? (ከማራኪ)

ባልሽ ተጫዋች ነው! እህቴ፣ ሙያሽ ላይ ምንም እንከን የለም። እዚያ ስልክ ላይ ያለው ልክ የወጣው ለቆላ ሰው ነው፤ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው ጋዝ ከመጠን በላይ ይለጠጣል። ኬኩ ውስጡ ሳይበስል ይነፋል፣ ከዚያ ይወርዳል። ውሃ እንኳ እኛ ጋ በ93 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል።

ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለሽ ሦስት ሩቡን ብቻ አድርጊ። ከአንድ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሺ፤ ስኳር ሲበዛ ኬኩ ቶሎ አይጸናም። ወተቱ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪበት፣ ምድጃውንም ከተባለው 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጊው። እስኪበስል ደግሞ እየከፈትሽ አትዪው። መሃሉን በስቴኪኒ ወግተሽ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል።

የልጄ ልደት ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ጾም ውስጥ ይውላል። የጾም ኬክ እንደ ዳቦ ይደርቃል ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአዘዞ)

የሚደርቀው ዘይት ሲሰሰትበት ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ ጀምሮ እኔ ጋ በብዛት የሚወጣው ይኸው ነው፤ የማይጾሙት ልጆችም ይወዱታል። አንድ ኩባያ ተኩል የፍርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጎደል ያለ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው። ይህን ደረቁን በአንድ ላይ ንፊው። ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ አንድ ኩባያ ሞላ ያለ ውሃ፣ ቫኒላ፤ በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። በ180 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል።

አቼቶውን መጨረሻ ላይ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ሶዳውን እንዳገኘ መፍላት ይጀምራል፤ ኬኩን የሚያነሳው ያ ነው፣ አንቺንም መብራት ኃይልንም አይጠብቅም። ቅርጹ ተቀብቶ፣ ምድጃው ግሎ ነው የሚጨመረው። እኔ ጆሮዬን የምጥለው ጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤት ላይ ነው። ወፍጮው እየጮኸ ከሆነ አቼቶዬን አፈሳለሁ፤ ድንገት ጸጥ ካለ ጠርሙሱን መልሼ እከድነዋለሁ።

ደግሞ ቅርጹን በቅቤ እንዳትቀቢው። ሰው ኬኩን በጥንቃቄ ሠርቶ ብረቱ ላይ ይረሳል። መምቻና ጎድጓዳ ሳህንም ለጾም የተለየ ይኑርሽ፤ የኔዎቹ የጾሞቹ እጀታቸው ላይ ሰማያዊ ክር ታስሮባቸዋል። ካካዎውም ወተት የተቀላቀለበት እንዳይሆን ማሸጊያውን አንብቢ።

ከዚሁ ጋር ሳልረሳው፦ ጥር 10፣ ከተራ፣ ገሃድ ነው፤ ይጾማል። ታቦት ሸኝቶ ለመጣ እንግዳ የእንቁላል ኬክ ቀርቦ ሁሉም ሻዩን ብቻ ጠጥቶ ሲነሳ አይቻለሁ። ለዚያ ቀን ሰሊጥ የተነሰነሰበት የጾም ኩኪስ አዘጋጁ። በማግስቱ ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ፍስክ ነውና ቅቤውም እንቁላሉም ያኔ ይውጣ።

ወንድሜ መተማ ነው የሚሠራው። ለገና በአውቶቡስ ቶርታ ልልክለት አስቤያለሁ። ይደርሳል? (ከአራዳ)

ይደርሳል፤ ቶርታ ሆኖ ግን አይደርስም። የመተማን ሙቀት ያውቁታል፤ ክሬሙ ከጭልጋ አያልፍም። ኩኪስ ይላኩለት። ከምድጃ ከወጣ በኋላ ፍጹም ይቀዝቅዝ፤ ለብ እንዳለ ከታሸገ በራሱ እንፋሎት ይልፈሰፈሳል። የዱቄት ወተት ጣሳ ታጥቦና ደርቆ ከካርቶን ይሻላል። በየንብብሩ መካከል ወረቀት ያድርጉ፣ ላዩ ላይ የቀረውን ክፍተትም እንዳይንገላታ በወረቀት ይሙሉት። ለስላሳውንና ደረቁን አንድ ላይ አይክተቱ፤ ደረቁ ይለሰልሳል። ፖርቶ መጋላ ላይ ደግሞ በጭራሽ! ለረዳቱ በእጁ ይስጡት፣ ከእሱም ጥቂት ይቁጠሩለት።

የእናንተ ኩኪስ ከሱቁ ብስኩት ለምን እጥፍ ይሆናል? (ስም የለውም)

በገበታ ቅቤ ስለምሠራው። በማርጋሪን ልሥራልዎት ካሉኝ እሠራለሁ፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ ሲበሉት ግን ላንቃዎ ላይ ይለጠፋል። ሱቅ ገብታችሁ በቅቤ ነው የተሠራው ሲሏችሁ አንዱን ሰብራችሁ አሽትቱት።

ለጥምቀት የምታዙ ቀብዳችሁን እስከ ጥር 7 አስገቡ። ከተራ ዕለት መንገዱ በሰው ስለሚሞላ ቤት ድረስ አላመጣም፤ ጥር 9 ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ ውሰዱ።