መልስ፦ ሄሮይን ሳያቆም የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና አያገኝም ወይ?

እህቴ፣ አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ሄሮይን በመርፌ እንደሚወስድና ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ ሄፓታይተስ ሲ እንደተገኘበት ጽፈሻል። ሐኪሙ «መጀመሪያ አቁም» ብሎ መልሶታል። ይህ ምክር ጊዜው ያለፈበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ሲምፕሊፋይ የተባለ ጥናት አለ። አሜሪካን ጨምሮ በ7 አገሮች፣ በቅርብ ጊዜ ዕፅ በመርፌ የወሰዱ 103 ሰዎች ተሳተፉ። ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ያለበትን ክኒን በቀን አንዴ ለ12 ሳምንት ዋጡ። 94 በመቶው ከቫይረሱ ነጻ ሆኑ። በሕክምናው መሃል መርፌ የተጠቀሙ፣ ክኒን ያሳለፉም ነበሩ። የአሜሪካ የጉበት ሐኪሞች መመሪያም ዕፅ መውሰድ ብቻውን ሕክምና መከልከያ እንዳልሆነ ይናገራል። ስለዚህ ሌላ ሐኪም ይፈልግ፤ ከቻልሽ አብረሽው ሂጂ። አንዴ ፊት የነሱት ሰው ብቻውን ተመልሶ መሄድ ይከብደዋል።

ከዳነ በኋላ እንደገና ሊያዝ ይችላል፤ ክትባት የለውም። መርፌው ብቻ ሳይሆን ዕፁ የሚዘጋጅበት ማንኪያ፣ ጥጥና ውኃም ያስተላልፋል፤ አንዱንም ከሰው ጋር አይጋራ። ንጹሕ መርፌ በነጻ የሚያድሉ ቦታዎች አሉ። እዚያ ኤችአይቪም ይመረመር ይሆናል፤ ጠይቁ። የሄሮይን ሱስን የሚያክሙትን ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን መጀመር ከፈለገም ከጉበቱ ሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል።

አንቺ ደግሞ ዛሬውኑ ናሎክሶን ግዢ፤ ሄሮይን ሲበዛበት ጉዳቱን የሚቀለብስ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በአፍንጫ የሚረጨው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ትንፋሹ ከቀነሰና ስትጠሪው ካልነቃ እርጪለት፣ 911 ደውዪ፣ እስኪደርሱ አጠገቡ ሁኚ።