«ሕንፃ አውቃለሁ፣ ሬዲዮ ግን አላውቅም»

ጥያቄ፦ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአፓርትመንት ሳይቶች አራት ዓመት በተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። አሁን ደቡብ ሱዳን የሚገኝ አንድ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ ግንባታውን እንድቆጣጠርለት ጠይቆኛል። ስለ ሬዲዮ የማውቀው ነገር የለም፤ በዚያ ላይ ኦርቶዶክስ ነኝ። ልቀበል?

እህቴ፣ ተቀበዪ። ግን ዲዛይኑ ሳይጸድቅ የምትገቢ ከሆነ ብቻ ነው። ያለቀ ንድፍ ይዘው «ይሄን አሠሪልን» ካሉሽ መጀመሪያ ንድፉ እንደገና እንዲታይ ጠይቂ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አፓርትመንት ከመሠረት ተነስቶ ወደ ላይ ይታሰባል፤ የሬዲዮ ጣቢያ ግን ከታወሩ፣ ማለትም አንቴናው ከሚሰቀልበት ረጅም የብረት ምሰሶ፣ ይጀምራል። የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው ዓይን እስከሚደርስበት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ የአንቴናው ከፍታ ከሁሉ በፊት ይወሰናል። ታወሩ በብረት ገመድ የሚወጠር ከሆነ፣ ለ60 ሜትር ታወር የገመዶቹ ኮንክሪት መያዣ በየአቅጣጫው 40 ሜትር ገደማ ሊርቅ ይችላል። እኔ ራሴ በተቆጣጠርኩት አንድ ጣቢያ ቤቱ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው አንዱ መያዣ ጎረቤት ግቢ ውስጥ እንደሚያርፍ የታወቀው። «የታወር ነገር የሻጮቹ ነው» ብዬ ትቼው ነበር። ያ ስህተት ዛሬም ይቆጨኛል፤ ላንቺ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ግራውንዲንግ ነው፤ መብረቅንና የባከነ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ማለቴ ነው። የታወሩ፣ የማሰራጫው ክፍልና የጄኔሬተሩ ግራውንዲንግ ከመሬት በታች እርስ በርስ መያያዝ አለበት። በየፊናቸው ከተቀበሩ መብረቅ ሲወድቅ በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠርና ማሰራጫውን ያቃጥለዋል። ይህ ሽቦ የሚቀበረው መሠረት በሚቆፈርበት ጊዜ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያው እስኪመጣ አትጠብቂ።

ስቱዲዮው ላይ ቆርቆሮ ብቻ እንዳታለብሺ። የዚያ አገር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ዜና አንባቢው የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያ፣ ይሞላ። ጄኔሬተሩም ከስቱዲዮው ራቅ ብሎ፣ ለብቻው በተሠራ ቤዝ ላይ ይቀመጥ። ሳይቱ ጥቁር አፈር ከሆነ ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲሰነጠቅ ምን እንደሚያመጣ ከአዲስ አበባ ታውቂዋለሽ። አዲሱ ነገር መንገዱ ነው፤ በዝናብ ወራት ብዙ አካባቢ ለመኪና ይዘጋል፤ ሲሚንቶና ብረት ቀድሞ ሳይት ካልገባ ሥራው ለወራት ይቆማል።

ሬዲዮ አለማወቅሽ በራሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ በአሠሪው በሀገረ ስብከቱ በኩል የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተውን የቫቲካን ሬዲዮ የገነባው የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ራሱ ማርኮኒ ነበር። ሆኖም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጣቢያውን ለመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የሰጡት ለኢየሱሳውያን ማኅበር ካህኑና የፊዚክስ ሊቁ ለአባ ጁሴፔ ጃንፍራንቼስኪ ነው። ሻጩ የሚለውን መመዘን የሚችል ሰው ነበራቸው ማለት ነው። አንቺም ዕቃ የማይሸጥ የብሮድካስት መሐንዲስ፣ ለጥቂት ቀናትም ቢሆን፣ በአማካሪነት እንዲቀጠርልሽ ጠይቂ።

ኦርቶዶክስ መሆንሽን ከወዲሁ በግልጽ ንገሪያቸው። ከሃይማኖቱ ይልቅ ልትለምጂው የሚገባሽ የአወሳሰን ሥርዓታቸውን ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ጳጳሱ ከበድ ያለ የንብረት ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት የገንዘብ ምክር ቤቱንና የአማካሪ ካህናቱን ጉባኤ መስማት አለባቸው። ስለዚህ በግንባታው ላይ ዛሬ ያቀረብሽው የለውጥ ጥያቄ ነገ አይፈረምም። እስከ ስንት ብር የሚደርስ ለውጥ ሳይት ላይ ራስሽ መወሰን እንደምትችዪ ውሉ ይናገር። አንድ አባት በመንገድ ሲያልፉ «ይህን ግድግዳ ወደዚያ ግፉት» ቢሉሽ፣ በትሕትና ሳይት ቡክ ላይ፣ ማለትም በግንባታው የትእዛዝ መመዝገቢያ ደብተር ላይ፣ እንዲጽፉልሽ ለምኚያቸው።

ደመወዝሽ በዶላር መሆኑን፣ የሥራ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣልሽም ሳትሄጂ አረጋግጪ።

አሁን የሳይት ፕላኑን ጠይቂያቸው። ሲልኩልሽ ለእኔም ላኪልኝ፤ የታወሩን ቦታ አብረን እናየዋለን።